«የት ተጽፏል?» ስለ ትእዛዝና ስለ መልካምነት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ነርስ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ ሐኪም ሃይማኖት የላትም፤ ለበሽተኛ ግን ከሁላችን ይልቅ የምትራራው እሷ ናት። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «አንቺ መልካም የምትሠሪው እግዚአብሔር ስላዘዘሽ ነው። ነገ ግደይ ቢልሽ ትገድያለሽ? አብርሃም ልጁን ሊያርድ ተነሥቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ክፉ አያዝም» ብላት፣ «እንግዲያው ክፉና ደጉን የሚለይ ከእሱ በላይ የሆነ ሕግ አለ ማለት ነዋ!» ብላ አፌን አስያዘችኝ። መልካም ነገር መልካም የሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው? ወይስ መልካም ስለሆነ ነው ያዘዘው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባልደረባሽ ያነሣችው ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ነው። ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ በአቴና ፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ ሰው አግኝቶ ይህንኑ ጠይቆታል። ሰውዬው አባቱን በነፍስ ማጥፋት ሊከስ የመጣ፣ አማልክት የሚወዱትን ጠንቅቄ አውቃለሁ ባይ ነበር። ጥያቄው ለግሪክ አማልክት በልካቸው የተሰፋ ነው። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ፣ የሚሰርቁ፣ የሰው ሚስት የሚያማግጡ ስለነበሩ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላዋል፤ ትእዛዛቸው የመልካም መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ለእኛ አምላክ ግን ይህ ልብስ አይሆንም። ጥያቄው እግዚአብሔርን በአንድ ወገን፣ መልካምነትን በሌላ ወገን አቁሞ «ማን ከማን ይበልጣል?» ይላል። ቸርነት ለእግዚአብሔር የባሕርይ ገንዘቡ ነው። እኛ ቸር ብንሆን በጸጋ ነው፣ በልምምድና በትግል ነው፤ ዛሬ ሰጥተን ነገ ልንነፍግ እንችላለን። እርሱ ከማንም ተምሮ፣ ከበላዩ ያለ ሕግ ጠብቆ ቸር አልሆነም። ጌታችን «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ቸር ማንም የለም» ያለውም ለዚህ ነው (ማር. 10፡18)። ስለዚህ «ነገ ግደይ ቢልሽስ?» ማለት «ፀሐይ ነገ ጨለማ ብታወጣስ?» እንደ ማለት ነው። ሐዋርያው «ራሱን ሊክድ አይችልምና» ሲል (2ጢሞ. 2፡13) አቅም አነሰው ማለቱ አይደለም። መዋሸት አለመቻል፣ መጨከን አለመቻል ድካም ሆኖ አያውቅም።

ከክርስቲያኖችም የእግዚአብሔርን ሥልጣን ያከበሩ መስሏቸው በዚህ የተሰናከሉ አሉ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ዊልያም ዘኦካም፣ እግዚአብሔር ቢያዝ ስርቆትና ዝሙት፣ እርሱን መጥላትም ቢሆን፣ ዋጋ የሚያሰጥ ሥራ ሊሆን ይችል ነበር እስከ ማለት ደርሷል። የአባቶቻችን መንገድ ሌላ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የቃልን ሰው መሆን ሲያስተምር የሚነሣው ከዚህ ነው፦ አዳም ትእዛዙን ሲያፈርስ «ትሞታለህ» የተባለው ቃል ሐሰት ሊሆን አይገባም፤ በአርአያው የፈጠረው ፍጥረት ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየትም ለቸርነቱ አይስማማም። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ «የፈለገውን ይላል» የሚባል ነገር የለም። ድኅነታችን ራሱ የቆመው እውነተኛም ቸርም በመሆኑ ላይ ነው።

ለባልደረባሽ ይህ ይበቃታል። ለአንቺና ለእኛ ለምእመናኑ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የኦካምን ስም ሰምተን ሳናውቅ በኑሯችን የእሱ ተማሪዎች የሆንን ብዙዎች ነን። ምልክቱ አንዲት ጥያቄ ናት፦ «የት ተጽፏል?»

ወንድ ሴቱ፣ ሽማግሌ ወጣቱ ይጠይቃታል። «ኃጢአት ነው እንዴ? የት ተጽፏል?» የሚል ሰው የእግዚአብሔርን ሕግ የሚያየው እንደ መኪና ማቆሚያ ምልክት ነው። «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት ቦታ ክፋቱ መሬቱ ላይ አይደለም፣ መኪናውም ላይ አይደለም። ሰሌዳው ሲነሣ ታቆሚያለሽ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ዘወር ሲልም የሚያቆም አለ። ሕግን እንዲህ የተረዳ ሰው ሥራው ሁሉ ሰሌዳ መፈለግ ነው። ሰሌዳ ካላየ ይገባል፣ ካየ ደግሞ የሚፈቅድለት ቄስ ያፈላልጋል።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ስሕተት የሚነቅልበት ብልሃት አለው። ገና ቄስ ሳለ በ387 እ.ኤ.አ. የአንጾኪያ ሰዎች በሁከት የንጉሡን ሐውልቶች ጥለው ቅጣት በሚጠብቁበት ዐቢይ ጾም ሲሰብካቸው፣ ዐሠርቱ ትእዛዛትን ገልጣችሁ አስተውሉ ይላቸዋል። «አትግደል» ሲል ለምን እንደሆነ አልጨመረም። «መግደል ክፉ ነውና» አላለም፤ ብቻውን «አትግደል» ብሎ አለፈ። ወደ ሰንበት ሲመጣ ግን ምክንያት ሰጠ፦ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ (ዘጸ. 20፡11)። ለምን? መግደል ክፉ መሆኑን ልቡና አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚያውቁትን ማስረዳት አያስፈልግም። ከሰባቱ ቀን የትኛው እንደሚከበር ግን ልቡና ብቻውን አይደርስበትም፤ ስለዚህ ምክንያቱ ተነገረው። እርግጥ አንዳንዶቹ ትእዛዛት ማስጠንቀቂያና ተስፋ ተከትሏቸዋል፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» ከሚለው ቀጥሎ «ዕድሜህ እንዲረዝም» እንዳለው። ያ ግን ዋጋውን መናገር ነው። ወላጅን ማዋረድ ነውር መሆኑን ለማስረዳት የገባ ቃል አይደለም።

እንግዲህ ትእዛዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት የነበረ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሕገ ኦሪት በፊት ሕገ ልቡና ነበረ ብላ የምታስተምረው ይህን ነው። ቃየል ወንድሙን ሲገድል «አትግደል» የሚል ጽላት በምድር ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም «የት ተጽፏል?» ብሎ አልተከራከረም፣ «አላውቅም» ብሎ ሸሸገ እንጂ። የሚሸሽግ ሰው ያውቃል። ዮሴፍም የጲጥፋራን ሚስት «እንዴት ይህን ትልቅ ክፉ ነገር አደርጋለሁ? በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?» ሲላት (ዘፍ. 39፡9) «አታመንዝር» ገና በሲና አልተጻፈም። አነጋገሩን ልብ በይ፤ መጀመሪያ «ክፉ ነገር» አለው፣ ቀጥሎ «በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት» አለው፤ ሁለቱ በዮሴፍ ልብ አንድ ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ፣ በሽታን መጥላት ማንም ሳያስተምረን እንደምናውቅ ነፍስም ክፋትን መሸሽ በተፈጥሮዋ አላት ይላል። አንቺ በየቀኑ በሽተኛ የምታዪ ስለሆንሽ ምሳሌው ይገባሻል፤ ሰው ሕመምን ለመጥላት መጽሐፍ አይፈልግም፣ ሕመሙ የት እንዳለና በምን እንደሚድን ለማወቅ ግን ሐኪም ይፈልጋል። ጽላቱ የመጣው ለዚህ ነው። ልብ ጨልሞ የራሱን ጽሕፈት ማንበብ ሲያቅተው በውስጥ የነበረው በድንጋይ ላይ ተጻፈ።

ሁለተኛው ዓይነት ግን መልካምነቱ ከመታዘዝ የሚመጣ ነው። ዕፀ በለስ መርዝ አልነበረም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ እጅግ መልካም ነበረ። ክፋቱ «አትብላ» የተባለውን መብላት ነበር። ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም የምንከለከለው ወተት በትንሣኤ ሌሊት በረከት ሆኖ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ወተቱ አልተለወጠም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም ምክንያቱን አብሮ ያስቀምጣል፦ ሰው ኃጢአቱ እንዲሰረይለት፣ ዋጋው እንዲበዛለት፣ ፈቃደ ሥጋው ደክሞ ለነባቢት (ለምታስበው) ነፍሱ እንዲታዘዝ። አፈወርቅ እንዳለው ነው፤ ልቡና ብቻውን የማይደርስበት ስለሆነ ምክንያቱ ተነገረ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ጾም ትንሽ ነገር ነው» የሚል ካለ በፍጹም አልተስማማሁም። ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ጌታችን ሲወቅሳቸው «አዝሙዱን ተዉት» አላላቸውም፤ ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር አላቸው (ማቴ. 23፡23)። በታዘዘው ቀን ወተት መተው ያልቻለ ሰው ባልታሰበ ሰዓት የሰው ገንዘብ እጁ ሲገባ ይመልሳል ብዬ አላምንም። ጾም የተሰጠው እጅና ሆድ እንዲለምዱ ነው።

ችግሩ ሁለቱ ሲምታቱ ነው፤ ሲምታቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸነፈው የመጀመሪያው ነው። አንዲት እናት ረቡዕ ዕለት ሳታውቅ ቅቤ ያለበት ወጥ በመቅመሷ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ታለቅሳለች። እቤቷ ያለችው ሠራተኛ ግን የሦስት ወር ደመወዟ ተይዞባታል። «ከሰጠኋት ትሄድብኛለች፤ ደላላው ሌላ ቤት ያስገባታል» ትላለች። ይህን ግን ለንስሐ አባቷ አትናገርም። ለምን አልነገርሽም ብትባል አልደበቀችም፤ ከኃጢአት ዝርዝር ውስጥ መሆኑ ትዝ አላላትም። ሰሌዳ የለበትማ! ሰሌዳው ግን አለ፦ ኦሪት የሠራተኛ ዋጋ አንድ ሌሊት እንኳ እንዲያድር አትፈቅድም (ዘሌ. 19፡13፤ ዘዳ. 24፡15)። ያዕቆብም የተከለከለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል (ያዕ. 5፡4)። ባይጻፍስ? ልጅቱ ለእናቷ የምትልከው አጥታ ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ስታለቅስ የሰማ ጆሮ ጥቅስ ያስፈልገዋል?

እንዲህ ያለውን በደል በስግደት ብቻ ማለፍ አይቻልም። ኦሪት ዘኍልቍ የበደለ ሰው የወሰደውን በሙሉ መልሶ አምስተኛ እጁን ጨምሮ ለተበደለው እንዲሰጥ ያዝዛል (ዘኍ. 5፡7)። የወር ደመወዟ 4000 ብር ቢሆን የሦስት ወሩ 12000 ነው፤ አምስተኛ እጁ 2400፤ በጠቅላላው 14400 ብር በእጇ ይገባል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል። የዛሬው ንስሐ አባት ጭማሪውን እንደ ሰዉ አቅም ያየዋል፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ሊምረው አይችልም፣ የእሱ አይደለምና። ልጅቱ ቤቱን ለቅቃ ከሆነ ትፈለግ፤ ካልተገኘች ቤተሰቧ ይፈለግ፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ በንስሐ አባት ምክር ለድኻ ይሰጥ። በዚያ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃና ጃንጥላ ገዝቶ መስጠት አይተካውም። መጽሐፈ ሲራክ ከድኻ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብ ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ነው ይላል። ከዚህ የከበደ ቃል ከየት ይመጣል?

ሌላው መምታቻ መሐላ ነው። «ከእሱ ጋር አልታረቅም ብዬ በገብርኤል ምያለሁ፤ መሐላዬን ባፈርስ ይቀሥፈኛል» የሚል ሰው እርቅን ኃጢአት፣ ቂምን ጽድቅ አድርጎታል። ሄሮድስም ያለው ይህንኑ ነው፤ «ስለ መሐላው» ብሎ የመጥምቁን ራስ አስቆረጠ (ማር. 6፡26)። ዮፍታሔም ተስሎ ልጁን ያለ ጥፋቷ አጣ። አፈወርቅ በዚያው የአንጾኪያ ስብከቱ ሕዝቡን ሳይሰለች መሐላ ተዉ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ክፉ ለማድረግ የተገባ መሐላ ክፉውን አይቀድሰውም። መልአኩ ገብርኤል የቂም ዋስ አይሆንም። እንዲህ የማለ ሰው ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ በከንቱ መማሉና ቂም መያዙ። ለንስሐ አባቱ ሲናገር በማን ስም፣ በእነማን ፊት እንደማለ ሳይሸፋፍን ይናገር፤ በሰው ፊት ምሎ ከሆነ እርቁም በእነዚያው ፊት ይሁን። ስለ መሐላው የሚሰጠውን ቀኖና ይቀበል፤ እርቁን ግን ቀኖናውን እስክጨርስ ብሎ አያቆየው። ጌታችን መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፡24)።

አሁን ወደ አብርሃም። ባልደረባሽ እዚህ ላይ ጥሩ ቦታ ነክታለች። ነገር ግን ታሪኩን ከግማሹ አቁማዋለች። ምዕራፉ ሲጀምር «እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው» ይላል (ዘፍ. 22፡1)፤ እኛ አንባቢዎች ከመጀመሪያው መስመር ፈተና መሆኑን እናውቃለን። አብርሃም ለሎሌዎቹ «ሰግደን እንመለሳለን» አላቸው፤ «እመለሳለሁ» አላለም። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሲፈታ እግዚአብሔር ከሙታን እንኳ ሊያስነሣው እንደሚችል አስቦ ነበር ይላል (ዕብ. 11፡19)። በዚህ ልጅ በኩል ዘር እሰጥሃለሁ ያለው አምላክ ሐሰተኛ እንደማይሆን ያውቃልና። ከዚያ በፊትም ስለ ሰዶም ሲማልድ «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ የተሟገተው ይኸው አብርሃም ነው (ዘፍ. 18፡25)፤ ያለ ፍርድ የሚገድል አምላክ ቢሆንበት ኖሮ እንዲህ ብሎ አይሟገትም ነበር። መጨረሻው ደግሞ «እጅህን አትዘርጋ» ነው። ይስሐቅ ዳነ፤ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ ቤዛ ሆነ፤ አብ አንድያ ልጁን ለእኛ እንደሚሰጥ ምሳሌው ታየ። እግዚአብሔር የሰው ልጅ ደም ይፈልግ እንደሆነ መስማት ከፈለገች ኤርምያስን ታንብብ። ልጆቻቸውን በእሳት ስላቃጠሉት ሲናገር «ያላዘዝሁትን ወደ ልቤም ያልገባውን» ይላል (ኤር. 7፡31)። አላዘዘም ብቻ አይደለም፤ ወደ ልቡም አልገባም።

ይህ ለአንቺ ለነርሷ የዕለት ሥራ ነው። «እግዚአብሔር ተናግሮኛል፤ መድኃኒትሽን ጣዪ፣ ክኒኑን ከወሰድሽ ጠበሉ አይሠራም» ተብላ የመጣች በሽተኛ አልጋሽ ላይ ተኝታ ይሆናል። እንዲህ ያለ «ትእዛዝ» ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የተናገረው ሰው ምን ያህል ይጾማል የሚለው አይደለም፤ ነገሩ የእግዚአብሔርን ጠባይ ይመስላል ወይ ነው። መጽሐፈ ሲራክ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን አስተምረዋል። በሽተኛዋን ጠበሉን ተዪ ብለሽ አታስጨንቂያት፤ እምነቷን የነካሽባት መስሏት ክኒኑን በትራስ ሥር ትደብቀዋለች። ጠበሉን ጠዋት በባዶ ሆድ ትጠጣ፤ ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ትውሰድ፤ መጾም የማይስማማት ከሆነ ለንስሐ አባቷ ትንገር። ከዚህ አልፎ መድኃኒት ካልጣልሽ የሚላት ሰው ካለ፣ አጥማቂም ይሁን ባሕታዊ፣ እግዚአብሔር አልላከውም። ይህን ሳልፈራ እናገራለሁ።

የቀረው ሃይማኖት የሌላት ባልደረባሽ ደግነት ነው። አትደነቂበት፣ አትናቂውም። ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ ሲሠሩ በልባቸው የተጻፈውን ያሳያሉ ይላል (ሮሜ 2፡14-15)። እሷ በሽተኛ ስታይ የሚራራው ልቧ ከየት እንደመጣ አታውቅም ይሆናል፤ የሠራው ግን የአንቺው አምላክ ነው። «የእናንተ ደግነት ከንቱ ነው» እንዳትያት። ስትገናኙ በሶቅራጥስም አትጀምሪ፤ በክርክር ትበልጥሽ ይሆናል። ፈቃደኛ ከሆነች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን አብራችሁ አንብቡ። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ሳይጠመቅ ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ደርሷል፤ መልአክም ተልኮለታል። መልአኩ ግን «ይበቃሃል» ብሎት አልሄደም። ወደ ኢዮጴ ሰው ልከህ በባሕር አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያለውን ጴጥሮስን አስጠራ አለው። እዚያ ላይ ስትደርሱ ንባቡን አቁሙና እሷ ትጠይቅሽ፦ ጸሎቱም ምጽዋቱም ከተሰማለት፣ ጴጥሮስ ለምን አስፈለገ? የሚቀጥለውን ጥያቄ ከዚያ ጻፉልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።